ሲፈላም የማይፈታ ኢንዛይም

ቢራ ፋብሪካ ውስጥ የተፈጨ ብቅል ከሙቅ ውሃ ጋር በሚደባለቅበት ጋን አጠገብ የሚቆመው ባለሙያ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው አይነቅልም። ድብልቁ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ፣ ቤታ አሚሌዝ የሚባለው የገብስ ኢንዛይም ስታርቹን እየቆራረጠ እርሾ በቀላሉ የሚበላውን ማልቶስ የተባለ ስኳር ያወጣል። ሙቀቱ 72 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ቤታ አሚሌዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሽና ሥራውን ከእሱ ይልቅ ሙቀት ለሚችለው ለአልፋ አሚሌዝ ይለቃል። 78 ዲግሪ ላይ እሱም ይዳከማል። በሁለቱ ኢንዛይሞች መካከል ያለችው የአሥር ዲግሪ ገደማ ልዩነት ቢራው ቀለል ያለ ወይም ወፈር ያለ እንዲሆን ትወስናለች።

ጠማቂው የኢንዛይሞቹን መበላሸት ለጥቅሙ ያውለዋል። ለብዙዎቹ ሌሎች ኢንዱስትሪዎች ግን ይኸው መበላሸት ኪሳራ ነው። ስታርችን ወደ ሽሮፕ የሚቀይረው፣ የዶሮ መኖ የሚያመርተው፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት የሚያዘጋጀውና አሁን ደግሞ ፕላስቲክ የሚፈታው ፋብሪካ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ሳይበላሽ የሚሠራ ኢንዛይም። ላለፉት አምሳ ዓመታት ባዮኬሚስቶች ይህን ለማግኘት ሲደክሙ አንድ አስደናቂ ነገር ተገልጦላቸዋል። በቀላሉ የሚበላሽን ኢንዛይም ብርቱ ለማድረግ ከመቶዎቹ የአካሉ ክፍሎች ጥቂቶቹን፣ አንዳንዴም ሁለቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ጭንቁ የትኞቹ እንደሆኑ ማወቁ ላይ ነው።

ሙቀት ለምን ይፈለጋል?

ኬሚካላዊ ለውጥ ሲሞቅ ይፈጥናል። በግርድፉ ሲታሰብ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ወፍራም ፈሳሽ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የማይሟሟው ይሟሟል፤ ድብልቁን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ከ60 ዲግሪ በላይ አብዛኞቹ አይኖሩም። ፋብሪካው ሳይሞቅ ጭራሽ የማይሆንለት ሥራም አለ።

ስታርች ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። ቅንጣቶቹ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳይሟሙ ይዘቅጣሉ። ሲሞቁ ውሃ ጠጥተው ያብጡና ይፈነዳሉ፤ ያኔ ድብልቁ በጣም ስለሚወፍር ፓምፕ ሊገፋው አይችልም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ስታርቹ በሚፈነዳበት በዚያው ቅጽበት እዚያው ተገኝቶ ረጃጅሞቹን ሰንሰለቶች መቆራረጥ አለበት። በዘመናዊ የስታርች ፋብሪካ ከ30 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ጠጣር የሆነ ድብልቅ ከኢንዛይሙ ጋር ወደ እንፋሎት መርጫ ይገባል፤ 105 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆይና ከዚያ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ የሚሠራው ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የተገኘ አልፋ አሚሌዝ ነው። የሚገርመው ባክቴሪያው ራሱ በዚህ ሙቀት አይኖርም፤ ኢንዛይሙ ከባለቤቱ ይበልጥ ሙቀት ቻይ ሆኖ ተገኝቷል። ኢንዛይሙ በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ቀድሞ በአሲድ ይሠራ የነበረው የስታርች ማቅጠን ሥራ በአብዛኛው ወደ ኢንዛይም ዞሯል።

ከስታርቹ የወጣው ግሉኮስ ወደ ፍሩክቶስ ሲቀየርም ሙቀት የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ግሉኮስ አይሶመሬዝ የተባለው ኢንዛይም 60 ዲግሪ አካባቢ ሲሠራ ከስኳሩ 42 በመቶ ያህሉን ወደ ፍሩክቶስ ይለውጣል። ለስላሳ መጠጥ አምራቾች የሚፈልጉት ግን 55 በመቶ ነው። ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን የፍሩክቶሱም ድርሻ ስለሚጨምር ወደ 95 ዲግሪ ተጠግቶ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንዛይም ቢገኝ 55 በመቶው በቀጥታ ይደረስበት ነበር። ያ ባለመሆኑ ፋብሪካዎቹ ስኳሮቹን በሌላ ውድ መሣሪያ እየለዩ ማጠናከር ግድ ይሆንባቸዋል።

የእንስሳት መኖ ችግር ደግሞ ለየት ይላል። እዚህ ኢንዛይሙ ሥራውን የሚጀምረው ዶሮዋ ወይም አሳማው ሆድ ውስጥ ነው። ከእህል ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በተባለ ውሁድ ታስሮ ይገኛል፤ የዶሮና የአሳማ ሆድ ደግሞ ይህን እስር መፍታት አይችልም። ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም መኖው ላይ ሲጨመር ፎስፈረሱ ይለቀቃል፤ ለመኖው ተጨማሪ ፎስፌት የመግዛት ወጪ ይቀንሳል፤ ከፍጋቸው ጋር ወጥቶ ወንዝና ሐይቅ የሚበክለው ፎስፈረስም አብሮ ይቀንሳል። ነገር ግን መኖው ወደ ድብልብል ከመጠቅጠቁ በፊት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ይታሻል። ኢንዛይሙ ይህችን አጭር የእሳት ፈተና ካላለፈ የወጣበት ገንዘብ ሁሉ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል።

ቀጭኑ የጽናት ልክ

ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደየተራቸው ተቀጣጥለው ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱ ተጣጥፎ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል፤ በቅርጹ ውስጥ ሥራው የሚሠራበት ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ይፈጠራል። ቅርጹን የሚይዙት ትስስሮች እያንዳንዳቸው ደካማ ናቸው። የሃይድሮጅን ትስስር አለ፤ በተቃራኒ ሙላት ባላቸው አሚኖ አሲዶች መካከል ያለ መሳሳብ አለ፤ ውሃ የማይወዱት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ሸሽተው መታቀፋቸው አለ። ከእነዚህ በተቃራኒ የሚጎትተው ደግሞ ሰንሰለቱ ተፈትቶ እንደ ልቡ የመወራጨት ዝንባሌው ነው። ሙቀት የሚያበረታው ይህን ዝንባሌ ነው።

ሁለቱ ኃይሎች ሲተላለፉ የሚተርፈው ልዩነት በጣም ቀጭን ነው። ለተለመደ ፕሮቲን የታጠፈው ቅርጽ ከተፈታው ያለው የጽናት ብልጫ በአንድ ሞል ከ20 እስከ 60 ኪሎጁል ያህል ነው። ይህ ከጥቂት የሃይድሮጅን ትስስሮች ጉልበት ብዙም አይርቅም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትስስሮች የያዙትን ቅርጽ እንዲቆም ወይም እንዲፈርስ የሚወስኑት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ትስስሮች ናቸው ማለት ነው። ፕሮቲን በትንሽ ሙቀት የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ በትንሽ ለውጥ የሚበረታውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደግሞም ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይፈታም። መፈታቱ የሚጀምረው ከደካማው ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከገጹ ላይ ከሚወዛወዝ ቀለበት። ልብስ ስፌቱ ከላላበት ጀምሮ እንደሚተረተር፣ ጎበዝ ሰፊም ሙሉውን ልብስ ሳይፈታ ያንኑ ቦታ ደግሞ እንደሚሰፋ፣ የኢንዛይም መሐንዲሱም ሥራ ያንን የላላ ስፌት ማግኘት ነው።

ከተፈታ በኋላ መመለስ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ሙቀቱ ቶሎ ከወረደ ሰንሰለቱ ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ይረጋሉ። ከዚህም አልፎ ሙቀት አሚኖ አሲዶቹን ራሳቸውን ይቀይራቸዋል። በ1985 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶቹ ቲሞቲ አኸርንና አሌክሳንደር ክሊባኖቭ ኢንዛይም 100 ዲግሪ ላይ ለምን እስከ ወዲያኛው እንደሚሞት መርምረው፣ አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ አሞኒያ እየለቀቀ ወደ ሌላ ዓይነት መለወጡን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አድርገው አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእነዚሁ ተመራማሪዎች ቡድን ከአንድ የእርሾ ኢንዛይም ሁለት አስፓራጂኖችን አውጥቶ በሌሎች ተካቸው፤ ኢንዛይሙ 100 ዲግሪ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ፍልውሃ ውስጥ የተገኘው

ብርቱ ኢንዛይም የማግኛው የመጀመሪያው መንገድ ተፈጥሮ ቀድማ የሠራችውን መፈለግ ነው። በ1966 ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ካለ አንድ ፍልውሃ ናሙና ወሰዱ። በጊዜው ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የሚፈልጉ ሰዎች ናሙናቸውን የሚያሳድጉት ባብዛኛው 55 ዲግሪ ላይ ነበር። ብሮክና ፍሪዝ ወደ 70 ዲግሪ ከፍ አደረጉት፤ ያገኙትንም ባክቴሪያ ቴርመስ አኳቲከስ ብለው በ1969 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁ። ከዚህ ባክቴሪያ በ1976 ዲኤንኤን የሚቀዳ ኢንዛይም ተለይቶ ወጣ፤ ታክ ፖሊመሬዝ ይባላል።

ጥቅሙ የታወቀው ግን ካሪ ሙሊስ በ1983 ሲተስ በተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ ፒሲአር የተባለውን የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ካፈለቀ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች እንዲለያዩ ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ይሞቃል። መጀመሪያ የተጠቀሙበት ከሰው አንጀት ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም በዚህ ሙቀት ስለሚሞት ባለሙያው በየዙሩ አዲስ ኢንዛይም መጨመር ነበረበት፤ ሥራው ሃያና ሠላሳ ዙር አለው። ታክ ሲገባ አንዴ የተጨመረው ኢንዛይም እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ ሥራውም ማሽኑ ላይ ተጥሎ የሚተው ሆነ። ሙሊስ በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሲተስ የፒሲአርን መብት ለሮሽ ኩባንያ በ300 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ናሙናው የተገኘበት ፓርክ ከዚህ ገንዘብ ምንም አልደረሰውም።

በፍልውሃ የሚኖሩ ፍጥረታት ኢንዛይሞች ሲመረመሩ ለብርታታቸው አንድ ነጠላ ምሥጢር አልተገኘላቸውም። አንዱ በገጹ ላይ ብዙ የተቃራኒ ሙላት ጥንዶች አሉት፤ ሌላው ቀለበቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ሌላው እንደ ልብ የማይታጠፍ ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ በመታጠፊያዎቹ ላይ ይዟል፤ ሌላው ካልሲየም በማሰር ይጠነክራል። ከዚህም ሌላ ችግር አለ። የፍልውሃ ኢንዛይም ለፋብሪካው በሚመቸው አሲድነት ላይሠራ ይችላል፤ የሚፈልገው ምግብ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በብዛት ማምረቱም ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ሥራውን የሚያውቀውን ኢንዛይም ወስዶ ማበርታት ነው።

ስፌቱን መፈለግ

በ1980ዎቹ ጂንን እንደ ፈቃድ መቀየር ሲቻል፣ የፕሮቲን ቅርጽ በኤክስሬይ ሲታይ፣ ተመራማሪዎች ሁለት የራቁ የሰንሰለት ክፍሎችን በሰልፈር ድልድይ ማያያዝን ሞከሩ። ሲስቴይን የተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ሲጎራበቱ ሰልፈራቸው ተገናኝቶ እውነተኛና ጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር ይሠራል። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የብራያን ማቲውስ ቡድን በ1989 ላይሶዛይም በተባለ ኢንዛይም ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ድልድዮችን በአንድነት አስገብቶ፣ ኢንዛይሙ የሚፈታበትን ሙቀት በ23.4 ዲግሪ ከፍ አደረገው። ድልድይ በዘፈቀደ የሚሠራ ግን አይደለም። ርቀቱ ወይም አቅጣጫው ትንሽ ሲሳሳት ቅርጹን ይወጥረውና ከማጥበቅ ይልቅ ያላላዋል።

የላላውን ስፌት የማግኘትን ኃይል ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ከኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የወጣው ሥራ ነው። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች 319 አሚኖ አሲዶች ባሉት አንድ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ላይ ለዓመታት ሠርተው፣ መፈታቱ የሚጀምርበትን ትንሽ የገጽ ክፍል ለዩ። ከዚያ ውጭ የተደረጉ ለውጦች እምብዛም አልጠቀሙም። እዚያ ላይ ያተኮሩ ስምንት ለውጦች ግን በ1998 ይፋ የሆነ ውጤት አመጡ፤ ፈልቶ በሚንተከተክ 100 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ጉልበቱን ይዞ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ የሚቆይ፣ ከመነሻው ኢንዛይም 340 ጊዜ የጸና ፕሮቲን ተገኘ። በዝቅተኛ ሙቀት የነበረውንም ሥራ አላጣም።

ቀድሞውንም ብርቱ የነበረው የስታርች አሚሌዝ እንኳ አልቀረለትም። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ1992 ከ483 አሚኖ አሲዶቹ 133ኛውንና 209ኛውን ብቻ ቀይረው በከፍተኛ ሙቀት የሚቆይበትን ጊዜ ብዙ እጥፍ አስረዘሙት።

ቅርጹን ሳያውቁ ማበርታት

የላላው ስፌት የት እንደሆነ ባይታወቅስ? ፍራንሲስ አርኖልድ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ካልቴክ) የተከተሉት መንገድ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የኢንዛይሙ ጂን ሲቀዳ ሆን ተብሎ እዚህም እዚያም ስህተት እንዲገባበት ይደረጋል። በሺዎች የሚቆጠሩት የተለያዩ ቅጂዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ትዕግሥት የሚጠይቅ የምርጫ ሥራ ነው።

ምርጫው የሚካሄደው እያንዳንዳቸው ከጣት ጥፍር የማይበልጡ 96 ጉድጓዶች ባሉበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው። በየጉድጓዱ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ኢንዛይሙን ያመርታል። ከእያንዳንዱ ትንሽ ጠብታ ወደ ሁለት አዳዲስ ሰሌዳዎች ይወሰዳል። አንደኛው ሰሌዳ ወዲያው ይለካል፤ ሁለተኛው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሙቅ ውሃ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ይለካል። ኢንዛይሙ የሚሠራ ከሆነ ጉድጓዱ ቀለም ያወጣል። ባለሙያው የሚፈልገው በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ደማቅ የሆነውን ብቻ አይደለም፤ ከሙቀቱ በኋላም ድምቀቱ ያልቀነሰውን ነው። ከብዙ ሺህ ጉድጓዶች ጥቂቶቹ ይመረጣሉ፤ ጂኖቻቸው ይደባለቃሉ፤ ዙሩ እንደገና ይጀመራል።

አርኖልድና ባልደረባቸው ኹዊሚን ዣዎ በ1999 ሰብቲሊሲን ኢ የተባለውን፣ የማጠቢያ ዱቄት ኢንዛይሞች ዘመድ የሆነውን ፕሮቲን ቆራጭ በዚህ መንገድ አሳለፉት። ከአምስት ዙር በኋላ የተገኘው ዘር ከሁሉ የበለጠ የሚሠራበት ሙቀት በ17 ዲግሪ ከፍ ብሏል፤ 65 ዲግሪ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ200 እጥፍ በላይ ረዝሟል። የተቀየሩት አሚኖ አሲዶች ስምንት ብቻ ነበሩ። ተፈጥሮ የሠራችው ሙቀት ቻይ ዘመዱ ቴርሚቴዝ ከሰብቲሊሲን ኢ በ157 ቦታዎች ይለያል። ከ157ቱ ልዩነቶች አብዛኞቹ ለሙቀቱ የሚያስፈልጉ እንዳልነበሩ ይህ ውጤት በግልጽ አሳየ። አርኖልድ በ2018 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ሌላው መንገድ ከዘመዳሞች መማር ነው። የሮሽ ተመራማሪዎች ከተለያዩ ሻጋታዎች የተገኙትን የፋይቴዝ ቅደም ተከተሎች ጎን ለጎን ደርድረው፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ በብዛት የሚገኘውን አሚኖ አሲድ እየመረጡ በተፈጥሮ የሌለ አንድ አዲስ ፋይቴዝ ጻፉ። የሐሳቡ መነሻ ቀላል ነው፤ ዘመዳሞቹ በዝግመተ ለውጥ ሲለያዩ በየራሳቸው የሚጎዳ ነገር ቢያጠራቅሙም የብዙኃኑ ምርጫ ግን ለጽናት ያደላል። በ2000 የታተመው ውጤት ሐሳቡን ደገፈው። አዲሱ ፋይቴዝ የሚፈታው 78 ዲግሪ ላይ ነበር፤ ከተቀዳባቸው ዘመዶቹ ከማንኛቸውም በላይ፣ በ15 ዲግሪና ከዚያም በሚበልጥ ልዩነት።

ፕላስቲክ የሚፈታው

ቆራሌው በጆንያ የሚሰበስበው ባዶ የውሃ ላስቲክ የተሠራው ፔት ከተባለ ፕላስቲክ ነው። በተለመደው አሠራር ፔት ሲቀልጥና እንደገና ሲሠራ ጥራቱ እየወረደ ይሄዳል። ኢንዛይም ግን ፕላስቲኩን እስከ መነሻ ንጥረ ነገሮቹ ስለሚፈታው፣ ከዚያ እንደ አዲስ የሆነ ፕላስቲክ መሥራት ይቻላል። ችግሩ ፔት በቀዝቃዛው ግትር መሆኑ ነው። ሰንሰለቶቹ መላወስና ለኢንዛይም መመቸት የሚጀምሩት 65 ዲግሪ አልፎ ነው። በሌላ በኩል ከ75 ዲግሪ ሲያልፍ ሰንሰለቶቹ ራሳቸውን አሰልፈው ወደ ጠንካራ ክሪስታል የመለወጥ ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ ያኔ ኢንዛይሙ ሊነካቸው አይችልም። የሚሠራበት የሙቀት መስኮት ጠባብ ነው።

በ2012 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ኦሳካ ውስጥ ካለ የቅጠልና የቅርንጫፍ ብስባሽ ያገኙትን ኢንዛይም ዝርዝር ይፋ አደረጉ። ኢንዛይሙ በተፈጥሮው ሥራው የቅጠልን የሰም ልባስ የሚፈታ ነው፤ ኤልሲሲ ይባላል። በፈረንሳይ ቱሉዝ የሚገኙ ተመራማሪዎችና ካርቢዮስ የተባለ ኩባንያ ይህን ኢንዛይም ወስደው አስተካከሉት። ኤልሲሲ ካልሲየም ሲጨመርለት ይበረታል፤ ነገር ግን ካልሲየሙ ከውጤቱ ጋር ተደባልቆ የማጥራት ሥራውን ያበዛዋል። ተመራማሪዎቹ ካልሲየሙ የሚያርፍበትን ቦታ ለይተው እዚያው ላይ ሁለት ሲስቴይኖችን አስገቡና በሰልፈር ድልድይ ዘጉት። የሚፈታበት ሙቀት በ9.8 ዲግሪ ከፍ አለ። ሥራው ግን ትንሽ ተዳከመ። ስለዚህ ፕላስቲኩን በሚይዝበት ጎድጓዳ ውስጥ ሌላ ለውጥ ጨምረው ጉልበቱን መለሱት።

በ2020 የታተመው ውጤት እንዲህ ነበር፦ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 200 ግራም የፔት ዱቄት ያለበት ድብልቅ 72 ዲግሪ ላይ ተደርጎ በአሥር ሰዓት ውስጥ 90 በመቶው ወደ መነሻ ንጥረ ነገሮቹ ተፈታ፤ ከወጣውም ንጥረ ነገር አዲስ ጠርሙስ ተሠራ። ፕላስቲኩ ቀድሞ መቅለጥ፣ በፍጥነት መቀዝቀዝና መፈጨት ነበረበት፤ ለዚህ የሚወጣው ጉልበትም በዋጋው ላይ ይቆጠራል። በ2022 ደግሞ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሠሩ ተመራማሪዎች ከመረጃ በሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም እየታገዙ ከሌላ ፔት በላተኛ ባክቴሪያ የመጣን ኢንዛይም አበርትተው 50 ዲግሪ ላይ እንዲሠራ አድርገዋል። በዝቅተኛ ሙቀት መሥራት ማሞቂያውን ይቆጥባል፤ በከፍተኛ ሙቀት መሥራት ጊዜውን ይቆጥባል። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚለየው ገና በትልልቅ ጋኖች ሲሞከር ነው።

ከጂን ውጭ ያለው መፍትሔ

ኢንዛይም ሳይቀየርም ሊጠበቅ ይችላል። ከጠንካራ ቅንጣት ጋር በብዙ ቦታ ሲያያዝ መወራጨቱ ስለሚገደብ አይፈታም። ግሉኮስ አይሶመሬዝ በዚህ መልክ በትልቅ ቱቦ ውስጥ ተሞልቶ ሽሮፑ በላዩ እያለፈ ለወራት ያገለግላል። ስኳርና ግሊሰሮል የመሳሰሉ ቅመሞች ሲጨመሩበት ደግሞ ውሃው ከፕሮቲኑ ጋር ያለውን ግንኙነት ለውጠው የታጠፈውን ቅርጽ ይደግፋሉ። የማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች በትንንሽ ቅንጣቶች ታሽገው የሚቀመጡት በመጋዘን እንዳይበላሹ፣ ብናኛቸውም ሠራተኛውን እንዳይጎዳ ነው።

ሙቀት ቻይ ኢንዛይም ብዙውን ጊዜ ሌላም ይችላል። ለአልኮልና ለመሰል ፈሳሾች፣ ለሳሙናም ይጸናል፤ በተራ የአየር ሙቀት ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ይህ ጸባዩ ለኢትዮጵያ በቀጥታ ይጠቅማል። ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለቆዳና ለመኖ የሚሆኑት የኢንዛይም ምርቶች ከውጭ የሚገቡ እንደመሆናቸው በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው የጅቡቲ ወደብ በኮንቴይነር ውስጥ ሊቆሙ ይችላሉ። ማሸጊያው ላይ በ30 ዲግሪ ለአንድ ዓመት ይቆያል የተባለ ኢንዛይም እዚያ ከርሞ ሲደርስ ፋብሪካው የከፈለበትን ያህል ላያገኝ ይችላል።

ከስምጥ ሸለቆው

ኢትዮጵያ የዚህ ሳይንስ ጥሬ ዕቃ ያለባት ምድር ናት። በስምጥ ሸለቆው ሻላ፣ አቢጃታና ጪቱ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅ ውሃቸው ሶዳማ ነው፤ በሻላ ዳርቻ ፍልውሃ ይመነጫል። በሶዳማ ውሃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ውጭ የሚለቋቸው ኢንዛይሞች ለማጠቢያ ዱቄትና ለወረቀት ኢንዱስትሪ የሚስማማ ጸባይ አላቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በሶዳማ ፈሳሽ ውስጥ ነውና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አማረ ገሠሠ በ1998 ሶዳማ ውሃ ከሚወድ ባሲለስ ያገኟቸውን ሁለት ሙቀት ቻይ ዛይላኔዞች አጥርተው ጸባያቸውን አሳትመዋል። ዛይላኔዝ የእንጨትን ዛይላን ስለሚቆርጥ የወረቀት ፋብሪካ የሚጠቀምበትን የክሎሪን መጠን ለመቀነስ ይረዳል። በ2003 ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የዶሮ ላባ ተመግበው የሚያድጉ ባክቴሪያዎችን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች አጥንተዋል። እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች ለቆዳ ኢንዱስትሪ ትልቅ ተስፋ አላቸው፤ ፀጉር ለማንሳት የሚውለውን የሶዲየም ሰልፋይድ መጠን መቀነስ ማለት ከፋብሪካው የሚወጣውን ፍሳሽ መርዝ መቀነስ ማለት ነውና።

ዳሎል ደግሞ የዚህ ታሪክ ዳር ድንበር ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ከአካባቢው አንዳንድ ውሃዎች አርኬያ የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን በብዛት ቢያገኝም፣ እጅግ አሲዳማ፣ ሙቅና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት አላገኘም።

ናሙና መውሰድ ሕግ ያለው ሥራ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ለመጠቀም ፈቃድ እንዲወሰድ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ለአገሪቱና ለማኅበረሰቡ ድርሻ እንዲሰጥ ያዛል። የሎውስቶን ለታክ ምንም እንዳልተከፈለው ለሚያውቅ፣ ሕጉ ከሚጠብቀው ነገር መካከል የባክቴሪያ ጂን መኖር ያለበት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የማበርታቱ መሣሪያም ከአሁን በፊት ካልነበረበት ቦታ ደርሷል። የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ብቻ የሚተነብዩና ለተሰጣቸው ቅርጽ የሚስማማ አዲስ ቅደም ተከተል የሚጽፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ላገኙት ለዴሚስ ሃሳቢስ፣ ለጆን ጃምፐርና ለዴቪድ ቤከር ሥራዎች ምስጋና ይድረሳቸውና ለማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ክፍት ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ሙከራዎች በጥቂት አሥሮች በሚቆጠሩ ናሙናዎች ብቻ የበረቱ ኢንዛይሞችን አስገኝተዋል፤ ድሮ ለዚህ ሺዎች ጉድጓድ ይሞላ ነበር። የተጻፈውን ጂን ማሠራት፣ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ ማምረት፣ ከዚያ አንዱን ሰሌዳ አሙቆ ሌላውን ሳያሞቁ መለካት በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ባለ ተራ የባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሊደረግ የሚችል ነው። ለሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚስማማ ፕሮቲን ቆራጭ፣ በእንፋሎት ታሽቶ የማይሞት የመኖ ፋይቴዝና ከድር ክር ላይ ስታርች የሚያነሳ የጨርቃ ጨርቅ አሚሌዝ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሥራዎች በቂ ናቸው፤ ገበያቸውም አገር ውስጥ አለ።